የደገኛውና የቆለኛው የአየር ወግ በቆጋ

በጎጃም፣ በሜጫ ባለው በቆጋ ክረምት ከደቡብ ምዕራብ ይገባል። በግንቦት መጨረሻ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ደመናው በአቸፈር በኩል ይከመራል። ነፋሱ አቧራውን አንሥቶ ያልፋል፤ ጥቂት ትላልቅ ጠብታዎች ቀዩን አፈር ነካ ነካ አድርገው ይቆማሉ። ሰኔ ሲጋመስ ዝናቡ በየቀኑ መምጣት ይጀምራል፤ ጠዋት ብራ፣ ቀትር ላይ ደመና፣ ማታ ዝናብ። በሐምሌና በነሐሴ ይህም ሥርዓት ይፈርሳል። ሌሊቱን ሲያወርድ ያደረው ዶፍ ጠዋት ካፊያ ሆኖ ይቀጥላል፣ ፀሐይም ለቀናት ሳትታይ ትሰነብታለች።

ይህ ጊዜ ሰው ቤት የሚቀመጥበት አይደለም። በሜጫ ገበሬ ዘንድ ከዓመቱ ሁሉ ብዙ ሰዓት በሜዳ ላይ የሚታለፈው ያን ጊዜ ነው። ዳጉሳ የሚዘራው በሰኔ ነው፤ ጤፉ በሐምሌ ጭቃ ላይ ይበተናል፤ ቀደም ብሎ የበቀለው በቆሎ በበሬ ሽልሻሎ ይገባለታል፤ ከዚያ ወዲያ አረሙ ነው። አረም ፋታ ስለማይሰጥ ጎረቤት ከጎረቤት በወንፈልና በደቦ ይረዳዳል። አራሹ ቀድሞ ገሳ ይለብስ ነበር፤ ዛሬ ላስቲክ ይደርባል፣ ወይም የማዳበሪያ ከረጢት አንዱን ጥግ ወደ ውስጥ አጥፎ እንደ ቆብ ራሱ ላይ ይደፋል። እረኞች ከብቱን ከማሳ እየመለሱ ጅራፍ ያጮኻሉ። ነሐሴ 13 ቡሄ ሲደርስ የጅራፉ ጩኸት ከየኮረብታው ይሰማል፣ ማታ ችቦ ይበራል። የክረምቱ ጀርባ ተሰበረ የሚባለውም ከዚያ ወዲህ ነው።

የዝናቡ ምንጭ ሩቅ ነው። ፀሐይ ወደ ሰሜን ስታዘነብል የምድር ወገብን ተከትሎ የሚዞረው የዝቅተኛ ግፊት መቀነትም አብሯት ወደ ሰሜን ይወጣል፤ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ በኮንጎ ተፋሰስ በኩል እርጥበት የተሸከመ ነፋስ ወደ ኢትዮጵያ ከፍታዎች ይነፍሳል። የሕንድ ውቅያኖስም ድርሻ አለው። ይህ አየር ተራራ ሲያጋጥመው ወደ ላይ ይገፋል፣ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ሲቀዘቅዝ እርጥበቱን ይለቃል። ከጣና ደቡብ ያለው ዳርቻ ከሰሜኑ ይበልጥ የሚዘንብበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፤ ባሕር ዳር በዓመት 1400 ሚሊ ሜትር ገደማ ስታገኝ በሐይቁ ማዶ ጎርጎራና ጎንደር ከዚያ ያነሰ ያገኛሉ። ሐይቁ ራሱም ሙቀቱን ይዞ ስለሚያመሽ ሌሊት ላይ ነጎድጓድ ያስነሣል። የባሕር ዳር ሰው ቀን ብራ አይቶ ሌሊት በመብረቅ የሚነቃው ስለዚህ ነው።

በቀደሙት ዘመናት ይህ ወቅት ነገሥታቱንም ያስቆም ነበር። ወንዞች ሞልተው፣ መንገዱ አረንቋ ሆኖ ሠራዊት ማንቀሳቀስ ስለማይቻል ቤተ መንግሥቱ በአንድ ቦታ ይከርማል። የጣና ዙሪያ ለዚህ ተመራጭ ነበር። ዐፄ ሠርፀ ድንግል በእንፍራዝ አጠገብ ጉዛራን ይዘው፣ ዐፄ ሱስንዮስ በጎርጎራና በደንቀዝ ከርመዋል፤ በ1636 እ.ኤ.አ. ገደማ ዐፄ ፋሲለደስ ጎንደርን መናገሻ ሲያደርጉ መክረሚያው ወደ ቋሚ ከተማ ተለወጠ። ስለ ኢትዮጵያ ከተሞች አመሠራረት ሲነገር ዝናብ የሚገባውን ስፍራ አያገኝም፤ በጣና ዳርቻ ግን ጭቃው ራሱ ከተማ ሠርቷል ማለት ይቻላል።

የቆጋ ሰው ስለ አየር የሚያወራው ከራሱ ጋር ብቻ አይደለም። በቆጋ አጠገብ ያለችው መራዊ ከባሕር ዳር ወደ ደቡብ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በደብረ ማርቆስ አድርጎ አዲስ አበባ በሚዘልቀው መንገድ ላይ ትገኛለች። ገበያዋ ደገኛና ቆለኛ የሚገናኝበት ነው። ከእንጅባራ ድንች የጫነ ሾፌር፣ ከመተማ የተመለሰ የቀን ሠራተኛ፣ ከፎገራ ሩዝ ያመጣ ነጋዴ ዝናብ ሲያስጠልላቸው ከአንድ ቆርቆሮ ሥር ይቆማሉ፤ ወሬውም ከዝናቡ ይጀምራል። “ይሄ ደግሞ ዝናብ ነው?” የሚለው ሁልጊዜ ከባሰበት ቦታ የመጣው ነው። እንዲህ ያለው ጨዋታ ጊዜ ማሳለፊያ ቢመስልም አገር የሚታወቅበት አንድ መንገድ ነው። ደመና የሚመጣበት አቅጣጫ፣ ወንዝ የሚሞላበት ሰዓት፣ ሰብል የሚመታበት ሳምንት፣ ሰው የሚታመምበት ወር ከአካባቢ ወደ አካባቢ የሚሻገሩት በዚህ ወግ ነው።

የልዩነቱ ሁሉ መነሻ ከፍታ ነው። ከፍታ በ100 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በ0.6 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይቀንሳል። ገበሬው ይህን ያለ መለኪያ ቀድሞ ከፋፍሎታል፤ በረሃ፣ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ከሁሉ በላይ ውርጭ። 2000 ሜትር ገደማ ላይ ያለው ቆጋ በወይና ደጋው መካከል ይውላል። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ወደ ጮቄ፣ ወይም ሐይቁን ዞሮ ወደ ጉና የወጣ ሰው ከ4000 ሜትር በላይ ይደርሳል። ወደ ሰሜን ምዕራብ የወረደ ደግሞ መተማ ሲደርስ ከ1000 ሜትር በታች ነው። አንድ ክልል ሳይለቁ ይህን ያህል የአየር ልዩነት ማየት የሚቻልበት አገር ብዙ አይደለም።

ደገኛው የሚያወራው ስለ ጉም፣ ስለ በረዶና ስለ ውርጭ ነው። በእንጅባራ አካባቢ በነሐሴ ጉሙ ከቀርከሃው ላይ ሳይነሣ ይውላል። በጉናና በሰሜን ተራሮች በረዶ ጥሎ ምድሩን ነጭ ያደርገዋል፤ በራስ ደጀንና በቧሒት ጫፍ ላይ አልፎ አልፎ እውነተኛ ስስ በረዶ ወርዶ ለጥቂት ጊዜ ይቆያል። ሆኖም የደጋው ከባድ ጊዜ ክረምት አይደለም። በክረምት ደመናው ሌሊት ምድሪቱን እንደ ልብስ ይሸፍናታል፤ ከጥቅምት በኋላ ሰማዩ ሲጠራ ግን ምድር ቀን የሰበሰበችው ሙቀት ሌሊት ወደ ጠፈር ያመልጣል። የደብረ ብርሃን ገበሬ ውርጭን የሚፈራው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው፤ ሰማዩ ኮከብ በኮከብ ሆኖ ነፋስ ጸጥ ሲል ጠዋት ባቄላው ጠቁሮ፣ ገብሱ መክኖ ሊገኝ ይችላል። ቀዝቃዛ አየር ወደ ታች የመንሸራተት ባሕርይም አለው። ስለዚህ ውርጭ ሜዳውንና ረባዳውን ሲመታ ተዳፋቱን ሊምር ይችላል፤ ይህን የሚያውቅ ደገኛ ባቄላውን ረባዳ ላይ አይዘራም።

አለባበሱም ከዚህ ይወጣል። ጋቢ ደረቅ ሲሆን ይሞቃል፤ ዝናብ ሲጠጣ ግን ከባድና ቀዝቃዛ ይሆናል፣ የጥጥ ክር ውኃ ከያዘ በውስጡ የታመቀውን አየር ያጣልና። ሱፍ እርጥበት ቢያገኘውም ሙቀቱን ፈጥኖ አይለቅም። የመንዝ ሰው በበግ ፀጉር በርኖስና ባና የሚለብሰው፣ ቤቱን በድንጋይ የሚሠራው፣ ማገዶው ኩበት የሆነው ሁሉ በአየሩ ምክንያት ነው። በቆጋ ጭቃ ውስጥ ጋቢውን አርጥቦ የሚንቀጠቀጥ አራሽ ከመንዝ ሰው የሚማረው ነገር አለ፤ 12 ዲግሪ በሆነ ዝናብ መበስበስ ከዜሮ በታች ከሆነ ደረቅ ብርድ ይልቅ ሰውነትን ፈጥኖ ሊያቀዘቅዝ ይችላል።

የፎገራ ሰው ወግ ደግሞ ጎርፍ ነው። ርብና ጉማራ ከጉና ይነሣሉ። ጉና ላይ የወረደው በረዶና ዝናብ ሜዳው ላይ ሲደርስ ወንዙ ከአፋፉ ይወጣል፤ ጣናም በክረምቱ መጨረሻ፣ በመስከረም አካባቢ፣ ከዓመቱ ሁሉ ከፍ ይላል። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. የፎገራና የደምቢያ ሜዳዎች ክፉኛ ተጥለቅልቀው ብዙ ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቅለዋል። ያም ሆኖ የፎገራ ገበሬ ውኃውን መሸሽ ብቻ ሳይሆን መጠቀምንም ተምሯል። ቀድሞ ሰብል ይሰምጥበት በነበረው ጥቁር አፈር ላይ ዛሬ ሩዝ ይዘራል፤ ወረታ የአገሪቱ የሩዝ ምርምር ማዕከል የተቋቋመባት ከተማ ሆናለች። ለዚህ ሜዳ በጣም የሚጠቅመው ዜና ከላይ የሚመጣ ነው። ፋርጣ ያለ ዘመድ “እኛ ጋ ሲያወርድ አመሸ” ብሎ ስልክ ቢደውል፣ ታች ያለው ከብቱን ከዳርቻው ለማንሣት ጊዜ ያገኛል። ፀሐይ ወጥታ፣ ጠብታ ሳይወርድ ወንዝ የሚሞላውም በዚህ ምክንያት ነው፤ በሜዳ ላይ ያለው ሰማይ ስለ ወንዙ ምንም አይናገርም።

ከአማራ ክልል ሲወጣ ወጉ ጨርሶ ይለወጣል። በጎሬና በማሻ በኩል ዝናብ ከየካቲት ወይም ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምትና ኅዳር ይቆያል፤ የዚያ ሰው የቆጋን ክረምት አጭር ነው ይለዋል። ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሲሄዱ ደግሞ ያጥራል። በመቀሌ ዙሪያ የዓመቱ ዝናብ አብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ ታጭቆ ይመጣል፣ አፋር ላይ ከረማ የሚባለው የዚያው ወቅት ዝናብ ጥቂት ሆኖ ያልፋል። በወሎና በሰሜን ሸዋ ደጋዎች ከየካቲት እስከ ግንቦት የሚዘንበው በልግ ራሱን የቻለ የእርሻ ወቅት ነው፤ ቆጋ ላይ ገና ዳጉሳ በሚዘራበት ሰኔ፣ የወሎ ደገኛ የበልግ ገብሱን ያጭዳል። ቦረናና አብዛኛው የሶማሌ ክልል ደግሞ ሐምሌን የሚያውቁት ደረቅና ነፋሻ ወር አድርገው ነው። በቦረና ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚመጣው፣ “ገና” የሚባለው ሲሆን አነስተኛው “ሐገያ” በመስከረምና በኅዳር መካከል ነው፤ በሶማሌ “ጉ” እና “ዴይር” የሚባሉት ወቅቶችም ከዚሁ ጋር ይቀራረባሉ። ሚቲዎሮሎጂ በሬዲዮ “የክረምት ዝናብ ተጠቃሚ የሆኑ አካባቢዎች” እያለ ለይቶ የሚናገረው ለዚህ ነው።

ይህን ልዩነት መርሳት ዋጋ ያስከፍላል። በ2007 ዓ.ም. ክረምት በፓስፊክ ውቅያኖስ ኤልኒኖ ሲበረታ በኢትዮጵያ ሰሜን ምሥራቅና ምሥራቅ ዝናቡ ከሸፈ፤ በቀጣዩ ዓመት ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው የምግብ እርዳታ ፈላጊ ሆነ። በምዕራብ ጎጃም ያለ ሰው በዚያው ወቅት በሰማዩ ላይ ያን ያህል ጥፋት አላየም። ከዋግና ከአፋር የሚመጣው ወሬ ለእርሱ የማይታመን ይመስላል። የአየር ወግ ትልቁ ፈተና ይህ ነው፤ ሰው የራሱን ሰማይ የአገር ሰማይ ያደርገዋል።

መስቀል ካለፈ በኋላ ቆጋ ሌላ ቦታ ይሆናል። በ2003 ዓ.ም. ገደማ ሥራ የጀመረው የቆጋ ግድብ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል፤ 7000 ሄክታር ያህል ለማልማት የታቀደ ነው። ክረምቱ ያመጣውን ውኃ አጠራቅሞ ከኅዳር ጀምሮ በቦይ ያወርደዋል። ቀድሞ ከብት በገለባ ብቻ የሚከርምበት ደረቅ ጊዜ አሁን የስንዴ፣ የሽንኩርት፣ የድንችና የቃሪያ ወቅት ነው፤ አቮካዶም ታክሎበታል። ዋናው ቦይ ሌሊትም ስለሚፈስ ውኃው በየብሎኩ ባሉ ማጠራቀሚያ ኩሬዎች ያድርና ቀን ለማሳ ይለቀቃል። ይህ ኩሬ ገበሬውን ከሌሊት ብርድ ያዳነ ብልሃት ነው። እንዲያም ሆኖ ተራው የደረሰው ሰው ገና ሳይነጋ መውጣቱ አይቀርም። ውኃውን የሚያድለው የውኃ አባት ተራውን ነግሮታል፤ ቢዘገይ ውኃው ወደ ጎረቤቱ ማሳ ያልፋል። በታኅሣሥና በጥር ሌሊት ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፣ ጠዋት ከኩሬው ላይ ጉም ይነሣል፣ በባዶ እግር ትልም ውስጥ የቆመ ሰው ጣቶቹ ይደነዝዛሉ። ወይና ደጋ ብርድ አያውቅም የሚል ሰው በጥር ማለዳ ቆጋ ላይ ውኃ አላጠጣም።

የበጋው ሜዳ ግን የደስታም ሜዳ ነው። በጥር 10 ማታ ታቦታት ወደ ጥምቀተ ባሕር ወርደው ሕዝቡ በጋቢ ተጠቅልሎ እስኪነጋ ያድራል። ጥር 23 ቀን በእንጅባራ፣ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን ያከብራል፤ በነሐሴ በጭቃው ምክንያት የማይሞከረው ግልቢያ በጥር ደረቅ ሜዳ ላይ ያምራል። በጣና ላይ የደንገል ታንኳ ያለው ዓሣ አስጋሪ ማለዳ ወጥቶ ነፋሱ ሳይነሣ ይመለሳል፣ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ማዕበል ያበዛልና። ዓሣውም የራሱ ወቅት አለው። አንዳንዶቹ የጣና ዓሦች በክረምት ወንዝ ሲሞላ ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወጥተው ይራባሉ፤ በዚያ ጊዜ በወንዝ አፍ ላይ መረብ መዘርጋት የመጪዎቹን ዓመታት ዓሣ ማጥፋት ነው።

በዚሁ ወቅት ከሰሜን እንግዶች ይመጣሉ። ክሬን የተባሉት ረጅም እግርና አንገት ያላቸው ግራጫ ወፎች ከፊንላንድ፣ ከኢስቶኒያና ከሌሎች ሰሜናዊ አገሮች ተነሥተው በሺዎች እየሆኑ በጣና ዙሪያ ይሰፍራሉ። ግልገል ዓባይ ወደ ሐይቁ በሚገባበት አካባቢ ያለው የጭምባ ረግረግ አንዱ ማረፊያቸው ነው። የሚሸሹት ብርዱን ብቻ አይደለም፤ በረዶ ምድሩን ሲሸፍነው ምግብ ስለማያገኙ ነው። በታጨደ ማሳ ላይ የተራረፈ እህል ለቅመው ማታ ወደ ጥልቀት የሌለው ውኃ ይመለሳሉ። ዩኔስኮ በ2015 እ.ኤ.አ. ጣናን የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ አድርጎ ሲመዘግብ እነዚህ ረግረጎችም የዚያ አካል ሆነዋል። የመራዊ እረኛ በጥር የሚያየው ወፍ የፊንላንድን ክረምት ምስክር ይዞ የመጣ ነው።

ሰዎች ደግሞ በተቃራኒው ተጉዘዋል። በሚኒሶታ፣ በቶሮንቶ፣ በስቶክሆልም የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ለገና ስልክ ሲደውሉ ወሬው ብርድ ነው፤ ሙቀቱ አንዳንዴ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ይወርዳል፣ መኪና ከበረዶ ሥር ተቆፍሮ ይወጣል፣ ቀኑ በአሥር ሰዓት ይጨልማል። እዚህ ያለው ቤተሰብ በዚያው ሰሞን ሽንኩርት እያጠጣ ነው። ከእነዚያ አገሮች በረዶ ጋር የተላመደ ኢትዮጵያዊም አለ፤ አዲስ አበባ ተወልዶ በአሜሪካ ያደገው ሮቤል ተክለማርያም በ2006 እ.ኤ.አ. በቶሪኖ፣ በ2010 ደግሞ በቫንኩቨር በተካሄዱት የክረምት ኦሊምፒኮች በበረዶ ላይ ሸርተቴ ለኢትዮጵያ ተሰልፏል፤ አገሪቱ በእነዚያ ውድድሮች የተወከለችው መጀመሪያ በእርሱ ነው። የውጭው ኑሮ የሚያስተምረው ነገር ግልጽ ነው፤ ብርድ በልብስ፣ በቤትና በዝግጅት ይቻላል። የደጋ ገበሬ የሚጎዳው ብርዱ ከስዊድን ስለበለጠ ሳይሆን ቤቱና ልብሱ ስለሚያንሰው ነው።

ከሁሉ ይልቅ በጥንቃቄ መሰማት ያለበት ግን የቆላው ወግ ነው። በየዓመቱ በሐምሌና በነሐሴ ከጎጃምና ከጎንደር ደጋዎች ብዙ ወጣቶች ለሰሊጥ አረም ወደ መተማ፣ ወደ ቋራና ወደ ሑመራ ይወርዳሉ፤ አጨዳው በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ይከተላል። ሲመለሱ የሚያወሩት ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ጥቁሩ አፈር ማጥ፣ በሜዳ ወይም በዳስ ስለ ማደራቸው ነው። ደገኛ ሰውነቱ ወባን አልለመደም፤ ስለዚህ ሲታመም ይጠናበታል። ከወባ ሌላ ካላዛር የሚባል በሽታ አለ። የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በተሰነጠቀው ጥቁር አፈርና በግራር ሥር ይኖራል፣ ሰውን የሚነክሰው በሌሊት ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በሊቦ ከምከም የተነሣው የካላዛር ወረርሽኝ በሽታው ከቆላ ርቆ በጣና ምሥራቅ ባሉ ቀበሌዎችም ሊሠራጭ እንደሚችል አሳይቷል።

መብረቅም ቆላ ደጋ አይለይም። በነሐሴ ማሳ ላይ ያለ ሰው ነጎድጓድ ሲሰማ የሚሮጠው ወደ ብቸኛ ዛፍ ነው፤ እርሱ ደግሞ ከሁሉ የከፋው መጠለያ ነው። ቤት ከራቀ ከዛፍ፣ ከሽቦ አጥርና ከኮረብታ ጫፍ ርቆ፣ ሞፈርና ዶማውን ጥሎ፣ እግርን አጋጥሞ ቁጢጥ ማለት ይሻላል። የሞላ ወንዝ ከጉልበት በላይ ከሆነ አይሻገሩትም፤ ማደር መዘግየት እንጂ ኪሳራ አይደለም።

ወደ ሰሊጥ የሚወርድ ሰው አጎበር ይያዝ፣ ሌሊት ከግራር ሥር አይተኛ። ከተመለሰም በኋላ ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ክብደቱ ከቀነሰ ወይም በግራ ጎኑ ሆዱ ካበጠ “የቆላ አየር ነው፣ ያልፋል” ብሎ አይቀመጥ፤ የት ሠርቶ እንደመጣ ለሐኪሙ ይናገር። ካላዛር ሳይታከም ከቀረ ይገድላል፣ በጊዜ ከታከመ ግን ይድናል፤ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለዚሁ በሽታ የተለየ የሕክምናና የምርምር ማዕከል አለ።